ምኒልክ መንገዱን መዝጋት ይችሉ ነበር?

እንጦጦ ማርያምን ሁላችንም እናውቃታለን። አጼ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚያ ዘውድ ሲጭኑ የአገሪቱ ከብት በየቀኑ እየረገፈ ነበር። ስለ አድዋ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ግን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄኛው ፈተናቸው ነው።

ልደታቸው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ አንጎለላ። በልጅነታቸው አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገብተው ነገሡ። ይሄን ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ።

የከብቱ በሽታ ስሙ ደስታ ነው። (ማን እንዲህ እንዳለው እንጃ!) ጣልያኖች በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ለምጽዋ ጦራቸው ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ገባ፣ ከዚያ በነጋዴና በሠራዊት መንገድ ወደ ደቡብ ወረደ። በብዙዎች ግምት ከአስር ከብት ዘጠኙ አለቀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ረሃቡ መጣ፣ ፈንጣጣና ኮሌራም ተከተሉት። ክፉ ቀን የተባለው ይሄ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ።

ታዲያ መንገዱን ለምን አልዘጉም? እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳስበው፣ የታመመ በሬ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ዋጋውን ይቀበላል፣ ኪሳራውን የሚከፍለው ግን ሌላው መንደር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስቆም መንግሥት ብቻ ነው። ግን በምን? ዜናው ራሱ ከበሬው እኩል ነበር የሚራመደው። አሞሌ ጨው፣ ማለትም ገንዘቡ፣ የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ጠመንጃውም ከባሕር ዳርቻ በቅፍለት ነው። ጣልያን ሰሜን ላይ ቆሞ ሳለ መንገድ መዝጋት ራስን ትጥቅ ማስፈታት ነበር። በ1882 ዓ.ም. ራሳቸው ጦር ይዘው ትግራይ ሲዘምቱም ሠራዊቱ በረሃብና በበሽታ ተጎድቶ ነው የተመለሰው። በኔ እምነት አልቻሉም፤ ቢሞክሩ ኖሮ ግን ዘመቻውን ማዘግየት ይችሉ ነበር ባይ ነኝ።

የኛ ጊዜ ሌላ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ ወሬው ከቫይረሱ ቀድሞ ስልካችን ላይ ደርሷል። በአስር ቀን ውስጥ የየብስ ድንበር ተዘጋ፣ ከውጭ የሚገባው 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ታማሚዎቹ የገቡት እዚሁ የካ፣ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ለቀን ሠራተኛው ግን ቤት ተቀመጥ ማለት አትብላ ማለት ነበር፤ የአሞሌው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

ምኒልክ ከአድዋ በኋላ ወደ ሕክምናው ዞሩ። በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል ዛሬም የካ ውስጥ ይሠራል። የባቡር ሐዲዱን የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን አላዩትም፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አርፈዋል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ገባ፣ የኅዳር በሽታ ደግሞ በ1911 ዓ.ም.። ደስታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ በክትባትና የከብት ዝውውርን በመቆጣጠር።