ጆን ፖስቴል፦ የቁጥሮቹ መዝገብ ያዥ

ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒዩተር ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ግራ ይገባዋል። ማሽኑ ውስጥ እኮ ምንም የለም። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ሰርቨሩ የት እንዳለም የነገረው የለም። ያለው ነገር ቢኖር ኔትወርክ ካርዱ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ናት። ይቺ ፕሮግራም አድራሻ የሚሰጣት ካለ ብላ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ትጮኻለች። ጩኸቱን ሰርቨሩ ፖርት 67 ላይ ሆኖ ይሰማል፤ መልሱ በ68 ይመጣል። መልሱ ውስጥ አድራሻና የአንድ ፋይል ስም አለ። ቀጥላ በፖርት 69 ፋይሉን ትጠይቅና በ512 ባይት፣ በ512 ባይት እየቆረሰች ወደ ሜሞሪ ትጭናለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባዶ የነበረው ማሽን ሊኑክስ ይዞ ብቅ ይላል።

ካርዱን የሠራው አንድ ፋብሪካ፣ ሰርቨሩን የሠራው ሌላ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹም ተያይተው አያውቁ ይሆናል። ታዲያ ሁሉም 67 ላይ እንዲገናኙ ያደረጋቸው ምንድን ነው? መልሱ አንድ መዝገብ ነው። መዝገቡን ደግሞ ለብዙ ዓመታት የያዘው አንድ ጺማም ሰው ነበር፤ ጆናታን ፖስቴል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖስቴል በ1943 በካሊፎርኒያ ተወለደ። የተማረበት የቫን ናይስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኋላ የኢንተርኔት መሥራቾች የተባሉትን ቪንት ሰርፍንና ስቲቭ ክሮከርንም ያስተማረ ነው። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1966 የመጀመሪያ፣ በ1968 የሁለተኛ፣ በ1974 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በ1969 የአርፓኔት የመጀመሪያ መስመር ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲዘረጋ እዚያው ከሚሠሩት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ልብ በሉ፣ ተማሪዎች ናቸው! በዚያው ዓመት ክሮከር አር.ኤፍ.ሲ. የሚባሉትን ባለቁጥር ሰነዶች ሲጀምር የአርታኢነቱን ሥራ ፖስቴል ተረከበ፤ እስኪሞት ድረስም አልለቀቀውም።

ለእኔ ትልቁ ቀን የሚመስለኝ ግን የሜይ 1972ቱ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ማሽን አገልግሎቱን በፈለገው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ስለነበር ሌላው ማሽን የት እንደሚፈልገው አያውቅም። ፖስቴል በአር.ኤፍ.ሲ. 349 አንድ ሰው ቁጥሮቹን ያድል፣ ዝርዝሩንም ይያዝ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሰውየው እሱ ይሆን እንደሆነም በቅንፍ ውስጥ በጥያቄ ምልክት አስቀመጠው። እንግዲህ የሥራ ማመልከቻው ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። የተቃወመው አልነበረምና ሥራው የሱ ሆነ።

ኮምፒዩተርን በኔትወርክ የማስነሳት ዘዴ የፖስቴል ፈጠራ አይደለም። ቡትፒ የሚባለውን ፕሮቶኮል በ1985 የጻፉት ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ናቸው፤ ፋይሉን የሚያመጣው ቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. ደግሞ ከእነሱ ይቀድማል። ነገር ግን ሁለቱም የቆሙት በ1980 ፖስቴል በጻፈው በዩ.ዲ.ፒ. ላይ ነው። የዩ.ዲ.ፒ. ሰነድ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። በየመልእክቱ ፊት 8 ባይት ያስቀምጣል፦ የላኪ ፖርት፣ የተቀባይ ፖርት፣ ርዝመትና የስህተት መፈተሻ። ሌላ ምንም የለውም። መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አይከታተልም። ብዙዎቻችን በክፍል ስንማረው ከቲ.ሲ.ፒ. ያነሰ፣ ጎዶሎ ነገር አድርገን ነበር የያዝነው። ዲስክ አልባው ማሽን ግን የሚፈልገው ይህንኑ ጎዶሎ ነው። ቲ.ሲ.ፒ. ሁለት አድራሻቸውን የሚያውቁ ማሽኖች ተነጋግረው እንዲጀምሩ ይፈልጋል፤ ገና አድራሻ የሌለው ማሽን ከማን ጋር ይነጋገራል? በዩ.ዲ.ፒ. ግን አድራሻ ሳይኖረውም መጮኽ ይችላል። ፕሮግራሙም ቀላል ስለሆነ በካርዱ ትንሽ ሮም ውስጥ ይገባል።

በ1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ተቀጠረ፤ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። በ1981 የወጡትን የአይ.ፒ. እና የቲ.ሲ.ፒ. ሰነዶች ያረመው፣ በ1982 የኢሜይል መላኪያውን ደንብ የጻፈው እሱ ነው። የቁጥሮቹን ዝርዝር ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር እያደሰ ያወጣ ነበር፤ የ1994ቱ እትም ከ200 ገጽ በላይ ሆኗል። ሥራው ኋላ አያና የሚል ምህጻረ ስም ወጣለት። (ለእኛ የሰው ስም መምሰሉ ያስቃል፤ ደግሞም በአብዛኛው አንድ ሰው ነበር።)

የአገሮች የኢንተርኔት ስምም በዚሁ መዝገብ ነው የሚያልፈው። የትኛው አገር ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለው ጭቅጭቅ እንዳይነካው ፖስቴል ሁለት ሁለት ፊደሎቹን ቀድሞ ከነበረ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ላይ ወሰደ። የእኛ ነጥብ ኢ.ቲ. የተመዘገበችው በ1995፣ መዝገቡ በሱ እጅ እያለ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በመተማመን ሄደ። ኋላ ግን ስም መሸጥ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሆነና ጠቡ መጣ። በጃንዋሪ 1998 ፖስቴል የኢንተርኔትን ዋና የስም ሰርቨሮች ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ኢሜይል ጻፈ፤ የስሙን ዝርዝር ከኩባንያው ማሽን ሳይሆን ከእሱ ተቋም ማሽን እንዲወስዱ። ከ12ቱ 8ቱ እሺ አሉ። በኢንተርኔቱ ላይ የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ተጠቃሚውም አላወቀም። የአሜሪካ መንግሥት ግን ደነገጠ፣ ወደ ነበረበት መልስ ተባለ፣ መለሰ። እሱ ሙከራ ነው አለ። እኔ ግን ሙከራ ብቻ ነበር ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል። ለሃያ አምስት ዓመት በእምነት የያዘውን መዝገብ ሌሎች ሊወስኑበት ሲሉ አሁንም ማን እንደሚሰማው ለማየት የፈለገ ይመስለኛል። ተሰማ፤ ያስፈራውም ይኸው ነው። ለዓለም ሁሉ የሚሆን መዝገብ በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ መንጠልጠሉ ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ብቻ ትክክል አይሆንም። ፖስቴል ራሱም ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ በዚያው ዓመት ሥራውን የሚረከበውን አይካን የተባለ ድርጅት ለማቋቋም ሲደክም ነበርና።

አይካን በሴፕቴምበር መጨረሻ ተመዘገበ። ፖስቴል በኦክቶበር 16 ቀን 1998 ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር በ55 ዓመቱ አረፈ። የቪንት ሰርፍ የኀዘን ጽሑፍ በዚያው ወር የወጣው ሟቹ ሲያርማቸው በኖሩት ሰነዶች መሐል፣ አር.ኤፍ.ሲ. 2468 ተብሎ ነው።

ዛሬ ካርዶቻችን ላይ የምናገኘውን የፒ.ኤክስ.ኢ. 2.1 ደንብ ኢንቴል ያወጣው በ1999 ነው፤ ፖስቴል ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሲል። ካርዱ የሚጮኸው ወደ 67፣ ፋይሉን የሚጠይቀው በ69 ነው።