ሲልቪያ ፓንክረስት፦ በብዕር የዘመቱ የኢትዮጵያ ባለውለታ

ፈረስ ቤት፦ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የዐርበኞች የድል በዓል ሲከበር፣ በጎጃም ደጋና ቆላ አምስቱን ዓመት ለጠላት ሳይንበረከኩ የኖሩ ጀግኖች ስማቸው ይነሣል። እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ በዱር በገደሉ ሲዋደቁ፣ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ አንዲት እንግሊዛዊት ጸሐፊ ጠመንጃ ሳይጨብጡ ለዚያችው ኢትዮጵያ ይዋጉ ነበር። እኒህ ሴት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ሲልቪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1882 በጥጥ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው የማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለድኾች መብት የሚሟገቱ የሕግ ባለሙያ፣ እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የታገሉ ስመ ጥር መሪ ነበሩ። ሲልቪያ የሥዕል ተሰጥኦ ስለነበራቸው በማንቸስተርና በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ተከታትለዋል። ይሁን እንጂ በሥዕል ሙያቸው ተደላድለው መኖርን አልመረጡም። ከእናታቸውና ከእኅታቸው ጋር ለሴቶች የምርጫ መብት ተሰልፈው በተደጋጋሚ ታሠሩ፤ በእስር ቤትም ምግብ አልበላም ብለው ሲያድሙ በጎማ ቱቦ በግድ እንዲመገቡ በመደረጋቸው ብዙ ተሠቃዩ።

ውሎ አድሮ ግን ከገዛ ቤተሰባቸው ጋር የሚያለያይ ጉዳይ ተነሣ። ሲልቪያ ትግሉ የድኻ ሠራተኛ ሴቶችም እንዲሆን በመሻታቸው በ1906 ዓ.ም. ከእናታቸው ማኅበር ወጡ። የወዛደሮች መኖሪያ በሆነው በምሥራቅ ለንደንም የራሳቸውን ማኅበርና ጋዜጣ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ማብቂያ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወንዶቹ ዘመቱ፣ የእህል ዋጋ ናረ፣ እናቶችና ሕፃናት ተራቡ። በዚህ ጊዜ ሲልቪያ ምግብ ያለ ትርፍ በወጣበት ዋጋ የሚሸጥባቸው ቤቶችን ከፈቱ። አንድ መጠጥ ቤት ወደ ሕፃናት ማቆያና የእናቶች ሕክምና መስጫ ተለወጠ፤ ሥራ ያጡ ሴቶችም የሚሠሩበት የአሻንጉሊት ፋብሪካ ተቋቋመ። ሲልቪያ ድኻው ለዕለት ከሚመጸወት ይልቅ ሠርቶ የሚበላበትና ታሞ የሚድንበት ተቋም ቢያገኝ ይመርጡ ነበር። ይህ መንገዳቸው ኋላ በኢትዮጵያም ታይቷል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ሲወርር ኃያላኑ መንግሥታት ፊታቸውን አዞሩ። ሲልቪያ ግን ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረቱ። የመጀመሪያው እትም የወጣበት ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ የጠላት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት መሆኑ ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይኸው ቀን ሲልቪያ 54ኛ ዓመታቸውን የደፈኑበት ነበር።

ጋዜጣው ስለ መርዝ ጋዙ ግፍ፣ ስለ የካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ ስለ ዐርበኞቹም ተጋድሎ እየዘገበ ዓለም ኢትዮጵያን እንዳይረሳት ጮኸ። ሲልቪያ ለሚኒስትሮች፣ ለምክር ቤት አባላትና ለሌሎች ጋዜጦች ያለማቋረጥ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። በሚኖሩበት በዉድፎርድ ከተማ ደግሞ በአየር የሚጣል ቦምብን የሚያወግዝ፣ በቦምብ ቅርጽ የተጠረበ የድንጋይ ሐውልት አቆሙ፤ ሐውልቱ ዛሬም በስፍራው ይገኛል።

ሲልቪያ የዘውድ አገዛዝ ደጋፊ አልነበሩም፤ ለስደተኛው ንጉሠ ነገሥትም ይህንኑ አልሸሸጓቸውም። ከጎናቸው የቆሙት ኢትዮጵያ የተበደለች አገር በመሆኗ ነበር። በ1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ወረራ በይፋ ሲቀበል ብዙዎች ነገሩ ያበቃለት መሰላቸው፤ የሲልቪያ ጋዜጣ ግን በየሳምንቱ መውጣቱን ቀጠለ።

በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ጎጃም ገቡ። ከእንግሊዞች ጋር የተባበረው የዐርበኛ ኃይል ቡሬን፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን እያስለቀቀ ገሠገሠ። ሚያዝያ 27 ቀን፣ ልክ ጠላት አዲስ አበባ በገባ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ።

ድሉ ሲገኝ የሲልቪያ ሥራ አላበቃም። የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ኦጋዴንንና ኤርትራን በእጃቸው ይዘው ሲቆዩ የገዛ አገራቸውን መንግሥት ተቃወሙ። በለንደን በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት ገና በወጣትነታቸው ሲያርፉ፣ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከዓመታት ልፋት በኋላ ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ የዛሬው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል እርሱ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ባህልና ታሪክ የጻፉት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ታተመ።

በ1948 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ፣ በ74 ዓመታቸው፣ ብዙዎች በሚጦሩበት ዕድሜ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ ወርኃዊ መጽሔት አቋቁመው የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ታሪክና ልማት ለዓለም አስተዋወቁ። ችግረኞችን የሚረዳ የማኅበራዊ አገልግሎት ማኅበር እንዲመሠረትም ደክመዋል።

ሲልቪያ ፓንክረስት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በ78 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በክብር ተሸኙ። መቃብራቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ዐርበኞች በተቀበሩበት ስፍራ ሆነ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር በመሆን ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ታሪክ ሰጡ፤ ለአክሱም ሐውልት መመለስም ከታገሉት አንዱ ነበሩ። እርሳቸውም በዚያው ካቴድራል አርፈዋል።

የተቸገረን ሰው ዜናው በጋለበት ሰሞን ማሰብ ለብዙዎች አይከብድም። ሲልቪያ ግን መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ መናገር ባቆሙ ጊዜ ጽፈዋል፤ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ለእናቶችና ለሕሙማን ደክመዋል። የጎጃም ዐርበኞች በሚታሰቡበት በሚያዝያ 27 ቀን የእኒህ ሴት ስም አብሮ ቢነሣ፣ ለውለታቸው የሚገባ ነው።