የሳንባን በር ያሳዩት ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን

ጉስታቭ ኪሊያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 በጀርመን ማይንዝ ከተማ ተወለዱ። በዘመናቸው ባዕድ ነገር ሳንባው ውስጥ የቀረበት ሰው ብዙ ጊዜ በሳንባ ምች ተሠቃይቶ ይሞት ነበር። ኪሊያን ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ በአየር ቧንቧ ማሳለፍን አስቀድመው በአስከሬን ላይ ተለማመዱ። በ1897 በፍራይቡርግ የአሳማ አጥንት ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ የቀረበትን አንድ አርሶ አደር በኮኬይን አደንዝዘው፣ ደረቱን ሳይቀዱ አጥንቱን በአፉ አወጡለት። ነቅቶ ሳለ ብረት በጉሮሮው እንዲያልፍ የፈቀደው የዚያ ገበሬ ድፍረትም የሚናቅ አልነበረም።

ኪሊያን በ1921 በርሊን ውስጥ አረፉ። በ1949 አርጀንቲናዊው ሐኪም ስኪየፓቲ በእንዲህ ያለ ቱቦ መርፌ አሳልፈው፣ ከአየር ቧንቧው ግድግዳ ማዶ ካለ ንፍፊት ለካንሰር ምርመራ ናሙና መውሰድን አስተዋወቁ።