ባለሱቁ መሐንዲስ ጆርጅ ኮርሊስ

የእንፋሎት ሞተር ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጄምስ ዋት ነው። ዛሬ ግን ከእርሱ በኋላ ስለ መጣና ሞተሩን ከአባካኝነት ስላላቀቀ ሰው፣ ስለ ጆርጅ ሄንሪ ኮርሊስ እናወጋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርሊስ በ1817 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢስተን በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። እሱ ትምህርቱን ሲጨርስ የከፈተው ወርክሾፕ ሳይሆን ሱቅ ነው። ታዲያ አንድ ደንበኛ የገዛው ቦት ጫማ ስፌቱ ስለ ተተረተረበት ቅሬታ ያቀርባል። ኮርሊስ ነገሩን እንዲሁ አላለፈውም፤ ቆዳ የሚሰፋ መኪና ሠርቶ በ1843 የፈጠራ መብት አገኘ። መኪናውን ለማሻሻል በ1844 ወደ ፕሮቪደንስ ከተማ ሄደ፤ እዚያ ግን ልቡን የእንፋሎት ሞተር ወሰደው።

የጊዜው ሞተር ችግሩ ምን ነበር? ሥራ ሲቀል የፍጥነት መቆጣጠሪያው የእንፋሎቱን ቧንቧ ያንቀዋል፤ ግፊቱም ሲሊንደር ሳይደርስ ይባክናል። በዚያ ላይ ትኩሱ እንፋሎት የሚገባውና የቀዘቀዘው የሚወጣው በአንድ መተላለፊያ ነበር። መተላለፊያው እየቀዘቀዘ አዲሱን እንፋሎት ያቀዘቅዘዋል፤ ከሰል በከንቱ ይነዳል ማለት ነው።

ኮርሊስ በ1849 ባስመዘገበው ፈጠራ ለአንድ ሲሊንደር 4 ቫልቮች ሰጠ፤ በየጫፉ አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ። የፍጥነት መቆጣጠሪያውንም ከቧንቧው አንስቶ ከመግቢያ ቫልቮቹ ጋር አገናኘው። ሥራ ሲከብድ ቫልቩ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ሲቀል ቶሎ ተስፈንጥሮ ይዘጋና የገባው እንፋሎት ራሱ እየሰፋ ፒስቶኑን ይገፋል።

የፋብሪካ ባለቤቶች በቀላሉ አላመኑትም። እሱም ለአንዳንዶቹ ሞተሩን ተክሎ፣ ዋጋውን ከሚተርፈው ከሰል ለመቀበል ተስማማ። ባይተርፍ ኖሮ ኪሳራው የራሱ ነበር። ቁጠባው ግን 30 በመቶ ገደማ ደረሰ። ፈጠራውን ከቀዱበት ሰዎች ጋርም ዓመታት በፍርድ ቤት ተሟግቷል።

በ1876 በፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን ላይ 14 ሜትር ገደማ ቁመትና 1,400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሩ ቆመ። ፕሬዚዳንት ግራንትና የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮ በአንድነት አስነሱት፤ የአዳራሹም ማሽኖች ተንቀሳቀሱ። ኮርሊስ በ1888 ሞተ። ያ ሞተር ግን ቺካጎ አጠገብ በሚገኝ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ እስከ 1910 አገልግሏል።

ሐሳቡም አልሞተም። ቫልቭ እንደ ሥራው ሁኔታ ጊዜውን ይቀይር የሚለው ሐሳብ በቤንዚን ሞተርም ሠርቷል፤ አልፋ ሮሜዎ በ1980፣ ሆንዳ በ1989 እንዲህ ያሉ መኪናዎችን ለገበያ አቅርበዋል። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ብዙ መኪናዎች ይህንኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ ያደርጉታል።

እኛስ ምን እንማር? ኮርሊስን ከሱቅ ያስወጣው የአንድ ደንበኛ ቅሬታ ነው። ነገ ክፍል ስንገባ አልገባኝም የሚል ተማሪ ሲያጋጥመን ፊታችንን አናጥቁር። ስፌቱ የላላው ከእኛው ዘንድ ሊሆን ይችላልና አስቀድመን እሱን እንመርምር።