ቢል ብራንትና የፖሊሱ ካሜራ

እጅግ ሰፊ ማዕዘን ባለው ሌንስ ፎቶ ያነሳ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ካሜራው ጥቂት ቀና ካለ ግድግዳው ሁሉ ወደ ውስጥ ይዘማል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ክፍሉ እንደ ቅርጫት ከላይ ይሰፋል። እኔ ይህን ሌንስ የተማርኩት ከመመሪያ መጽሐፍ ይልቅ የቢል ብራንትን ፎቶዎች ደጋግሜ በማየት ነው።

ብራንት እ.ኤ.አ. በ1904 ሐምቡርግ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ዜጋ፣ እናቱ ጀርመናዊት ነበሩ። በወጣትነቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ውስጥ ዓመታት በሕክምና አሳልፏል። በ1930 ፓሪስ ሄዶ ማን ሬይ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቂት ወራት ሠራ። ሎንዶን ከከተመ በኋላ ግን ትውልዱ እዚያው ደቡብ ሎንዶን እንደሆነ ይናገር ጀመር። በናዚዎች ዘመን ጀርመናዊነትን መሸሸግ አይገርመኝም፤ የሚገርመኝ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም አለመተዉ ነው።

ስም ያወጡለት ሁለት መጻሕፍት ናቸው። በ1936 የታተመው የሀብታሙንና የድሃውን እንግሊዛዊ ኑሮ ጎን ለጎን ያሳያል፤ የ1938ቱ የሎንዶንን ሌሊት። በ1940 ደግሞ ከቦምብ ሸሽቶ ምድር ለምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ የሚያድረውን ሕዝብ ለመንግሥት አነሳ። እንግዲህ አርባ ዓመት ሲሞላው እንጀራው የተረጋገጠ፣ መጽሔቶች የሚፈልጉት ባለሙያ ነበር።

እሱ ግን እንደገና ተማሪ ሆነ። በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ኮቨንት ጋርደን አጠገብ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ከእንጨትና ከነሐስ የተሠራ ኮዳክ ካሜራ ገዛ። ፖሊስ ወንጀል የተፈጸመበትን ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ ለመመዝገብ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። መዝጊያ የለውም። ቀዳዳው በጣም ጠባብ ስለሆነ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል፤ በዚያው ልክ ብርሃን ስለማያስገባ አንሺው በመስታወቱ ላይ የሚያየው ምስል እጅግ ደብዛዛ ነው። ሰውየው የሚያነሳውን በቅጡ ሳያይ ነበር የሚያነሳው ማለት ይቻላል። ክፍልን ከነጣሪያው የሚያሳየውን የኦርሰን ዌልስን የ1941 ፊልም፣ «ሲትዝን ኬን»ን፣ አብዝቶ ይወድ ስለነበር ይመስለኛል ድካሙን የታገሰው።

በ1955 ኢተን ፕሌስ በተባለ ጎዳና ያነሳትን ወጣት ውሰዱ። ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ ካሜራውም አብሯት ወርዷል። ፊቷ ሌንሱ ሥር ገዝፎ ይታያል፣ መስኮቱና የቤት ዕቃው ርቀው አንሰዋል። ፊቷን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ብታዩት የሚቀረው ባዶ ክፍል ብቻ ነው። ሰፊ ሌንስ ሩቁን ያሳንሳልና ቅርብ የሆነ ነገር ካልሰጡት ፎቶው ሜዳ ይሆናል። ካሜራውን ወደ ታች ማዘንበልና ካሜራውን ይዞ ወደ ታች መውረድ ደግሞ ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያው ግድግዳው ይጣመማል፤ በሁለተኛው ቱምቢ እንደወረደበት ይቆማል። ጠርዝ ላይ የገባ እጅ ወይም እግር መለጠጡ ግን በውኃ ልክም አይድንም፤ የሌንሱ ባሕርይ ነው። ብራንት ይህን ልጥጠት አልሸሸውም፣ የት እንደሚያስቀምጠው መረጠ እንጂ።

በኋላ ሃሰልብላድ ሱፐርዋይድን ያዘ። ይህ ካሜራ 38 ሚሊ ሜትር ሌንስና የራሱ ውኃ ልክ አለው፤ በእጅ ተይዞም ይሠራል። ብራንት ከክፍል ወጥቶ ወደ እንግሊዝና ወደ ፈረንሳይ ጠጠራማ ዳርቻዎች የወረደውም በእነዚያ ዓመታት ነው። በ1957 ምሥራቅ ሰሴክስ ያነሳው የሴት ጆሮ ከባሕሩ ዳርቻ እንደበቀለ ቋጥኝ ነው የሚመስለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ ግራጫውን አጥፍቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ ያስቀር፣ ጠርዙን ይቆርጥ፣ በቀለምና በምላጭ ያርም ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የፈጀው ይህ የእርቃን ሥራ በ1961 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ1969 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለብቻቸው አሳየለት። ብራንት ታኅሣሥ 1983 (እ.ኤ.አ.) ሎንዶን ውስጥ አረፈ።