ሐዲስ ዓለማየሁ፤ ከደብረ ወርቅ ጉባኤ እስከ ለንደን ኤምባሲ

መንግሥቱን ወክሎ በባዕድ ከተማ የሚቀመጥ ሰው ሸክሙ ድርብ ነው። በአንድ በኩል የአገሩን ክብርና ጥቅም በሌሎች ፊት ማስከበር ይጠበቅበታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የአገሩን ጉድለት ከባዕዳኑ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። ጉድለቱን ለራሱም ጭምር ደብቆ የሚኖር ከሆነ አወዳሽ ሎሌ ይሆናል፤ በየአደባባዩ የሚዘረዝረው ከሆነ ደግሞ የተላከበትን አደራ ያፈርሳል። ይህን ድርብ ሸክም ሳያዛንፉ ከተሸከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ሕዝብ ይበልጥ የሚያውቃቸው በደራሲነታቸው በመሆኑ፣ የዲፕሎማትነት ሥራቸው፣ በተለይም የለንደኑ ዘመናቸው፣ የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ቆይቷል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ካህን ስለ ነበሩ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እንዲከታተል ፈቀዱ። ሐዲስም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ተማሩ። እነዚህ ሦስት ደብሮች በጎጃም የአብነት ትምህርት ስማቸው የገነነ ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋር እየታገለ የሚማር ስለ ነበር፣ ከቀለሙ አስቀድሞ የሚማረው ትዕግሥትን ነበር።

የቅኔ ትምህርት ግን ከትዕግሥት ሌላ የሚሰጠው ነገር አለው። የቅኔ ተማሪ ሌላው የተናገረውን በቃሉ አጥንቶ በመድገም ብቻ አያልፍም። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየን ተሻግሮ፣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ የራሱን አዲስ ቅኔ እየቆጠረ በመምህሩ ፊት ማቅረብ ይኖርበታል። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ከዚህም በላይ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ፣ የራሱንም ወርቅ በሰም ሸፍኖ ማስቀመጥ ይለምዳል። በደብረ ወርቅና በመሰሎቿ ጉባኤ የተገኘው ይህ የጆሮና የአንደበት ሥልጠና፣ ኋላ በዓለም አደባባይ የሚያገለግል ስንቅ ሆነ።

ከዚያም ሐዲስ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ፤ ተመልሰውም በጎጃም በመምህርነት አገለገሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከጎጃም ገዥ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። የራስ እምሩ ጦር በየካቲት 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ከብዙ ተጋድሎ በኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ፤ ራስ እምሩም በምዕራብ ኢትዮጵያ መከላከሉን ቀጥለው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት እጅ ወደቁ። ሐዲስም ከምርኮኞቹ መካከል ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኢጣሊያን እስኪረግጥ ድረስ የወጣትነታቸውን ዓመታት በግዞት አሳለፉ። ይህን የጦርነትና የግዞት ታሪክ ከብዙ ዘመን በኋላ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ጀመሩ። በ1930ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ቆንስል ሆኑ። ያች ከተማ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። በዴር ሡልጣን ገዳም ላይ ከግብጾች ጋር የቆየው የይዞታ ክርክር ለማንኛውም የኢትዮጵያ ቆንስል የዕለት ጉዳይ ስለ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የዲፕሎማሲ ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ ነበር። ቀጥሎም በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ተካፈሉ። ይህ ጉባኤ የራዲዮ ሞገድ ድልድል በዓለም ዙሪያ የሚመዘገብበትንና የሚጠበቅበትን ሥርዓት ያቋቋመ ነው። ሞገድ እንደ መሬት ሁሉ የተወሰነ ሀብት ስለሆነ፣ በድልድሉ ዕለት ያልተገኘ አገር የሌሎችን ትራፊ ለመቀበል ይገደዳል። የቅኔ ቤት ተማሪ የነበረ ሰው በዚህ ዓይነት የመሐንዲሶች ሸንጎ ላይ አገሩን ወክሎ መቀመጡ፣ ሙያና ዲፕሎማሲ ተለያይተው ሊኖሩ እንደማይችሉ ያሳያል። ከዚህ በኋላም በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠሩ።

በ1953 ዓ.ም. ገደማ ወደ ለንደን በአምባሳደርነት ሲላኩ፣ የተቀበለቻቸው ከተማ ለእሳቸው ትውልድ ተራ ከተማ አልነበረችም። በ1928 ዓ.ም. የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከፈረንሳዩ መሪ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን መሬት ለኢጣሊያ ለመቁረስ ሐሳብ ያቀረበው የዚያች ከተማ መንግሥት ነበር። በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ እንደ ሕጋዊ ይዞታ ያወቀውም ይኸው መንግሥት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሐዲስ በኢጣሊያ ግዞት ላይ ነበሩ። በአንጻሩ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ጠላትን ለማስወጣት ከአርበኞቻችን ጋር የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ነው። ወዳጅነቱም ቅሬታውም እኩል እውነት ስለ ሆነ፣ ለአምባሳደሩ የሚበጀው ሁለቱንም ሳይረሱ፣ በአንዱም ሳይሸነፉ መሥራት ነበር።

ጊዜውም ሥራ የበዛበት ነበር። እንግሊዝ በአፍሪካ የያዘቻቸውን አገሮች በተከታታይ የምትለቅበት ዘመን በመሆኑ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚሰመር ድንበር ሁሉ ኢትዮጵያን ይነካ ነበር። በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የቆየው ሐውድ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ገና በ1947 ዓ.ም. ነበር። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሶማሊያ ነጻ ስትወጣ የሐውድና የኦጋዴን ጥያቄ እንደገና ተነሣ። በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ የተነሣው ተመሳሳይ ጥያቄም በመጋቢት 1955 ዓ.ም. ሶማሊያ ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት እስከማቋረጥ አደረሳት። ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ከኢትዮጵያ ጋር የመከላከያ ስምምነት አደረገች። በእነዚህ ዓመታት በለንደን የተቀመጠ የኢትዮጵያ አምባሳደር ከሚነገረው ይልቅ የታሰበውን መስማት ነበረበት።

በዚሁ በለንደን ዘመን፣ ከመንግሥት ሥራ በተረፈ ጊዜ፣ ሐዲስ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። ይኸውም «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የጥንቱን የጎጃም ኑሮ፣ ማንኩሳንና ዲማን፣ የቅኔ ተማሪውን በዛብህንና የባላባት ልጅዋን ሰብለ ወንጌልን ያስቀመጡት ከቴምስ ወንዝ ዳር ሆነው ነው። መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም። በፊታውራሪ መሸሻ አማካይነት የመሳፍንቱን ትዕቢት፣ በአበጀ በለው አማካይነት የባላገሩን ቁጣ፣ በጉዱ ካሣ አማካይነት ደግሞ ዘመኑ ሊሰማው ያልፈለገውን ሒስ ያቀርባል። ሰው በትውልዱ የሚመዘንበትን ሥርዓት የሚከስሰው ይህ መጽሐፍ የተጻፈው፣ የዚያኑ ሥርዓት መንግሥት በሚወክል ሰው እጅ ነው።

ይህ ነገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሐዲስ የወከሉት ኢትዮጵያን እንጂ የፊታውራሪዎችን ልማድ አልነበረም። በባዕድ ፊት ድንበሯን ሲከላከሉ ያደሩላት አገርና፣ በራስዋ ቋንቋ ለራስዋ ልጆች ጉድለቷን የነገሯት አገር አንዲት ናት። ሒሱን ለእንግሊዞች በእንግሊዝኛ አልጻፉትም፤ ሊያነብበውና ሊታረምበት ለሚገባው ሕዝብ በአማርኛ ጻፉት እንጂ። መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. በስማቸው ታትሞ በአደባባይ ወጣ። በዚያ ዘመን በሹመት ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ከለንደን ከተመለሱ በኋላ በፕላንና ልማት ሚኒስትርነት፣ ቀጥሎም በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት አገልግለዋል። በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ሲመጣ ለኢትዮጵያ የሚስማማውን የአስተዳደር ዓይነት የሚመለከት መጽሐፍ አሳተሙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦላቸውም ሳይቀበሉት ቀሩ። ቀሪ ዘመናቸውን በብዕር አሳለፉት። «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልም እዣት» ተከታተሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ጭምር አዳመጠው። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. በተወለዱ በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ለባለሙያ ሁሉ ትተውት የሄዱት ትምህርት ግልጽ ነው። የመንግሥት ሥራን በታማኝነት መሥራት ስለ መንግሥቱ የራስን ፍርድ መተው ማለት አይደለም፤ የራስን ፍርድ መያዝም አደራን ለመብላት ምክንያት አይሆንም። አምባሳደሩ ሁለቱን በየቦታቸው አስቀምጠው ኖረዋል።