ረቂቁን ዓለም ያየው ጨርቅ ነጋዴ

በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታትን ለሰው ልጅ ቀድሞ ያሳየው ሰው የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ ሊቅ አልነበረም፤ ጨርቅ ለክቶ የሚሸጥ ነጋዴ እንጂ።

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 በኔዘርላንድስ፣ በዴልፍት ከተማ ከቅርጫት ሠሪ አባት ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ በጨርቅ ሱቅ ሥራ ለመደ፤ በ1654 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የዘመኑ ነጋዴዎች የጨርቅን ጥራት የሚለዩት ክሩን በአጉሊ መነጽር ቆጥረው ስለነበር፣ መስታወት ለእርሱ እንግዳ መሣሪያ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የነበረው ባለ ቱቦ ማይክሮስኮፕ ከአንድ በላይ ሌንስ የተገጠመለት ሲሆን፣ ግርማ ቢኖረውም ምስሉ ይደበዝዝ ነበር። ሌቨንሁክ ሌላ መንገድ መረጠ። ራሱ ሞርዶና ወልውሎ የሠራትን አንዲት ጥቃቅን ሌንስ በሁለት ቀጫጭን የነሐስ ወይም የብር ዝርግ መካከል አጣበቀ። ናሙናውን በመርፌ ጫፍ ላይ አኑሮ በብሎን እያቀረበና እያራቀ፣ መሣሪያዋን ከዓይኑ አስጠግቶ ወደ ብርሃን ይመለከታል። ከመዳፍ የማይበልጡ መሣሪያዎቹ ጥቂቶቹ እስከ ዘመናችን ቆይተዋል፤ አንዷ 270 ጊዜ ያህል ታጎላለች።

በ1676 ቁንዶ በርበሬ በተዘፈዘፈበት ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ፍጥረታትን ማየቱን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ምሁራኑ ተጠራጠሩ፤ ላቲን የማያውቀው ነጋዴ ስሙ በሚዛን ላይ ዋለ። እርሱም የከተማውን ሰዎች ምስክርነት ላከ። በ1677 ሮበርት ሁክ ሙከራውን ደግሞ እውነትነቱን አረጋገጠ፤ በ1680 ሌቨንሁክ የማኅበሩ አባል ሆነ። በ1683 ደግሞ ከጥርስ ላይ በተፋቀ ቆሻሻ ውስጥ ያያቸውን ባክቴሪያዎች ገለጸ።

ለገበሬም የሚተርፍ ሥራ አለው። ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ ይፈጠራል ይባል በነበረበት ዘመን፣ ከእንቁላል እንደሚፈለፈል መርምሮ አሳየ።

ይሁን እንጂ የምርጥ ሌንሶቹን አሠራር ለማንም አልገለጸም። በ1723፣ በ90 ዓመቱ ሲያርፍ ምስጢሩን ይዞ ሄደ፤ የረቂቃን ፍጥረታት ጥናትም ለረጅም ዘመን ብዙ አልተራመደም።

ዛሬ በአነስተኛ ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዚህ ሕይወት የሚማረው አለ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈ ትልቅ ቁጥር የደበዘዘ ሌንስን አያጠራም። የሽንኩርት ልጣጭን ሕዋሳት ለማየት 100 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል፤ ባክቴሪያ በ400 እንደ ነጥብ ይታያል፤ ቅርጹን በደንብ ለመለየት ግን 1000 ጊዜ የሚያጎላ፣ በዘይት የሚሠራ ሌንስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ የሌንሱን ጥራት፣ የብርሃኑን ምንጭና የማስተካከያ ብሎኑን ጽናት መመርመር ይገባል። የቀረው፣ እንደ ዴልፍቱ ነጋዴ፣ ትዕግሥት ነው።